አሥራ አራት ሴቶችና አንድ ሹመት

ሰኞ
በቃ፣ ጠየቅኩት። ተቆጣጣሪያችን ሥራ ለቆ አገሩ ከገባ ሁለት ወር ሆነው። ኩባንያው አዲስ ሰው አልቀጥርም ስላለ ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ። እዚህ ዓረብ አገር፣ ማሪና ያለውን ሕንፃ የሚያጸዱትን አሥራ አራት ሴቶች እመድባለሁ፣ ያለቀ የጽዳት ዕቃ አስመጣለሁ፣ የነዋሪውን ቁጣ እሰማለሁ። ወረቀቴ ላይ ግን ዛሬም የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ሥራ አስኪያጁን "ሹመቱን ለእኔ ይስጡኝ" አልኩት። ሳቀ። "ገበያው ቀዝቅዟል፤ ሥራ ስላለሽ አመስግኚ።" ሳቁ ነው ያንገበገበኝ።

ማክሰኞ
ዘይነባ ፈርታልኛለች። የወሎ ልጅ ናት፤ አል ተዓውን ሰፈር አንድ ክፍል ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ የየራሳችንን አልጋ ብቻ ተከራይተን እንኖራለን፣ ሥራም አብረን ነን። "ዋላሂ ያባርሩሻል! ሹግል፣ ሥራ በጠፋበት ሰዓት ምን ነካሽ?" አለችኝ ባስ ስንጠብቅ። እኔም ፈርቻለሁ። ቪዛዬ በእነሱ እጅ ነው። ግን ስድስት ዓመት ሙሉ "ጊዜው አይደለም" ስባል ኖሬያለሁ። ጊዜው ጥሩ ሲሆን ደግሞ ወንድ ይሾማሉ።

ረቡዕ
ሙሽኪላ፤ ችግር መጣ። አዲስ ሰው አይቀጠርም ያለው ሥራ አስኪያጅ አንድ ሰው ይዞ መጣ። "አዲሱ ተቆጣጣሪ ነው፤ ሥራውን አሳዪው።" ሰውየው ከሌላ ቦታ የተቀነሰ ነው። ጨዋ ነው፤ አልጠላሁትም። ግን እምቢ አልኩ። "እኔ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። የራሴን ፎቅ አጸዳለሁ፣ ኸላስ፣ በቃ።" ባልዲዬን ይዤ ወጣሁ። 

ሐሙስ
ሰውየው ማን የት እንደሚሠራ ሴቶቹን ጠየቀ። "ሰናይትን ጠይቃት" አሉት፣ ሁሉም። እኔ አልመከርኳቸውም፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት። ያቺ ፈሪ ዘይነባ ጭምር! ሦስት ፎቅ ሳይጸዳ ዋለ። ከሰዓት የሕንፃው አስተዳዳሪ ወደ ኩባንያችን ቢሮ ደውላ "ሰናይት የት ሄደች?" ብላለች አሉ።

ዓርብ
ከቢሮ የጠራኝ የለም። ለእማዬ ደወልኩ፤ አልነገርኳትም። ቢያባርሩኝ የማደርገውን ለመጻፍ ተቀመጥኩ። አንድ፦ ኤጀንሲ መጠየቅ። ሁለት፦ ... ሁለተኛው አልመጣልኝም።
ግን አልጸጸተኝም።

ቅዳሜ
ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ! ሰውየውን ኢንቨስትመንት ፓርክ ወዳለ መጋዘን አዛውረውታል። "ለሦስት ወር ሙከራ፣ ተቆጣጣሪ ነሽ" አለኝ።
"በጽሑፍ ያድርጉልኝ።"
በረጅሙ ተነፈሰ። ጻፈ፣ ፈረመ።
"ወንዱንም እንዲህ በሙከራ ነበር የሾማችሁት?"
ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።
ስወርድ ሴቶቹ ዕቃ ክፍል ተሰብስበው ጠበቁኝ። ዘይነባ "ያላ ማዳም፣ እዘዢን!" አለች። ሳቅን። "ማዳም ያለችኝን ሽንት ቤት ነው የምመድባት" አልኳቸው።
ከሦስት ወር በኋላ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። የነገውን ምደባ ግን በራሴ እጅ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌያለሁ።