የአራስ ቤት ደጅ የተከፈተላቸው ወ/ሮ የሺአረግ ገብረወልድ

ወ/ሮ የሺአረግ ከአባታቸው ከአቶ ገብረወልድ ሳህሌ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አለም ደስታ በ1930 ዓ.ም. በቡታጅራ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል ከመሪጌታ ዘንድ ቆጥረው፣ በአሥራ አምስት ዓመታቸው አዲስ አበባ አጎታቸው ቤት መጥተው የልብስ ስፌት ተማሩ። በ1949 ዓ.ም. ጋራዥ ይሠሩ ከነበሩት ከአቶ ፊሊጶስ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወሎ ሰፈር ጎጆ ወጡ። የስፌት መኪናቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስካለፈው ወር ድረስ ሥራ ፈትታ አታውቅም።

ሦስት ጊዜ አርግዘው ሦስቱም ልጆች ያለ ቀናቸው፣ በሰባተኛው ወር ተወልደው ሳይቆዩ ዐረፉ። ሰፈርተኛው "ሾተላይ አለባት" አለ። ነፍሰ ጡርና አራስ ካየች ይተላለፋል ተባለ። አቶ ፊሊጶስ ሌላ እንዲያገቡ የመከራቸውን ሁሉ ከጋራዣቸው እያባረሩ፣ በ1979 ዓ.ም. እስከሞቱ ድረስ ከባለቤታቸው ሳይለዩ ኖሩ። ወ/ሮ የሺአረግ ግን ወሬውን አመኑት፤ እኛን የሚያንገበግበን ይኸው ነው። የሰፈሩን ሕፃናት ልብስ የሚሰፉት እሳቸው፣ የሰፉትን የአራሷ አጥር በር ላይ አንጠልጥለው የሚመለሱትም እሳቸው ነበሩ። ልብሱ ለልጁ ልክ ይሁን አይሁን አይተው አያውቁም።

የወንድማቸውን ልጅ ትግስትን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አሳድገው፣ አስተምረው፣ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የጭነት ክፍል ለሚሠሩት ለአቶ ገመዳ ዳሩ። በ1988 ዓ.ም. ትግስት ስታረግዝ ግን እናቷ እሳቸው ሆነው ሳሉ ደጇን መርገጥ ተዉ። በሰባተኛው ወር ትኩሳትና ምጥ ያዛት። ወ/ሮ የሺአረግ ጠዋት ማታ ሆስፒታል እየተመላለሱ ከግቢው በር አላልፍም አሉ። "በኔ ጦስ ነው" እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ዶክተር ራህማ የትግስትን ሽንት አስመርምረው ባክቴሪያ አገኙበት፤ ኩላሊቷ ድረስ ዘልቆ ነበር። መድኃኒት ተሰጣት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ በረደ፣ ምጡም ቆመ። ይህን ጊዜ ዶክተሯ ራሳቸው እስከ በሩ ወጥተው፣ "እማማ፣ ባክቴሪያ ሲገባ የሰውነታችን ዘበኞች ሊዋጉት ይነሳሉ። ማህፀንም በጠቡ ግለት ቀኑ የደረሰ ይመስለዋል። የእርስዎን ልጆች ምን እንደወሰዳቸው ዛሬ ላውቅልዎት አልችልም፤ በማየት የሚተላለፍ ነገር ግን አይደለም። ይግቡ፣ ልጅዎ እየጠራችዎት ነው" አሏቸው። እሳቸውም "እርግጠኛ ነሽ፣ የኔ ልጅ?" ብለው ደጋግመው ጠየቁና ገቡ።

ናኦሚ ዘጠኝ ወሯን ጨርሳ ተወለደች። የመጀመሪያ ልብሷን ያለበሷት ወ/ሮ የሺአረግ ናቸው፤ እጅጌው ከእጇ አልፎ ተንጠለጠለ። ያን ሁሉ ዘመን ሲሰፉ የአራስ ልጅ ክንድ ይዘው አያውቁም ነበርና መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥሎ በራሳቸው ስፌት ሳቁ። እኛም እፎይ አልን። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ያልጠየቁት አራስ የለም፤ ጎረቤታችን ወ/ሮ ነኢማ የወለዱ ዕለትማ በሩ እስኪከፈትላቸው እንኳ አልታገሡም። ነፍሰ ጡር ባዩ ቁጥር "ሽንትሽን ተመርምረሻል?" እያሉ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ያሳፍሩን ነበር። አሁን ያ ማፈር ናፈቀን።

ወ/ሮ የሺአረግ ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 8 ቀን 1991 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ልጃቸውን ወ/ሮ ትግስትን፣ አማቻቸውን አቶ ገመዳን፣ የልጅ ልጃቸውን ናኦሚን እና የሰፉለትን የሰፈር ልጅ ሁሉ ትተው ሄደዋል። ብናዝንም፣ ያን ሸክም ይዘው ስላልሄዱ ተመስገን እንላለን።

በሰው ደጅ ብዙ ዘመን ቆመዋልና፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ደጅ ሳያስቆም ያስገባልን።