እምዬ የቆጠረችው የሰባት ቀን መንገድ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለድንቅነሽ፣ አዲስ አበባ።

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ያምሽ የነበረው ጉልበት ሻል አለሽ ወይ? ብዙነህና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኔና ልጄ አልታዬ፣ አምላክ ይመስገን፣ በሕይወት አለን። ዘንድሮ ገብሱም ደህና ይዟል። አገሩ ሁሉ ስለ መንግሥቱ መለወጥ ያወራል፤ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «እምዬን ሳላያት ያስቀረኝ የመንገዱ ርቀት ነው፤ አንተን አልወቅስም» ብለሻል። ይህን አንብቤ እንቅልፍ አጣሁ። ንስሐ አባቴ መምሬ አራጌ ዘንድ ሄጄ ብናዘዝ፣ «የበደልካት እርሷን አይደል? መጀመሪያ ለእርሷ ተናገር» ብለው መለሱኝ።

እህት ዓለም፣ መንገዱ ሩቅ አልነበረም። እምዬ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ታማ እንደተኛች ነጋዴው አህመድ ሊጠይቃት መጣ። «አንተ ሰው፣ ዛሬም በበቅሎ ነው የምትቆጥረው? አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሜዳችን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ወላሂ፣ አንተ ቁርስህን ሳትጨርስ እህትህ ትደርሳለች» ብሎ ቀለደብኝ። በማግስቱ አውሮፕላን ነበረ። ለተሳፋሪ ልሰጥ ደብዳቤ ጽፌ እስከ ሜዳው ሄድኩ። ሳልሰጥ ተመለስኩ።

ለእምዬ የላክሽላትን ጋቢ በጾሙ መካከል በሁለት ቁና ገብስ ለውጬው ነበር። «ጎተራው ሙሉ ነው» እያልኩ ስጽፍልሽ ኖሬ፣ መጥተሽ ባዶውን እንዳታዪ፣ እናታችንንም በእኔ አሮጌ ካፖርት ተሸፍና እንዳታገኚያት አፈርኩ። ባለቤቴ አስቻለች፣ ነፍሷን ይማርና፣ በሕይወት ብትኖር ገሥጻ ትመልሰኝ ነበር።

ከዚህ የሚከፋም አለ። እምዬ ስትጠይቀኝ «ልኬባታለሁ፣ እየመጣች ነው» አልኳት። እርሷ የምታውቀው የአውቶቡሱንና የበቅሎውን መንገድ፣ ሰባት ቀኑን ነው። ጠዋት ጠዋት ትቆጥርልሽ ነበር። «ዛሬ ደሴ ትገባለች» ትላለች። «ዛሬ ጉጉፍቶ ብርዱ ላይ ናት፣ ምነው ወፍራም ነገር በለበሰች» ትላለች። «ዛሬ አቀስታ ታድራለች» ትላለች። በሰባተኛው ቀን አልታዬን ፀጉሬን አበጥሪልኝ አለቻት። ቀትር ሳይሆን ዐረፈች። ፊቷ ወደ በሩ ነበር።

ብትረግሚኝ አልቀየምም። ሙት ዓመቷ ሚያዝያ ሃያ ሁለት ነው። ብትመጪ ሜዳው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ዓይኔን ማየት ካስጠላሽም ለአልታዬ ላኪላት፣ እርሷ ትቀበልሽ፤ እኔ ያን ሰሞን ወግዲ ዘመዶቻችን ዘንድ እሰነብታለሁ። ለእምዬ ተዝካር ከሁለታችን አንዳችን መቅረት ካለብን፣ በዚህኛው እኔ ልቅር።

ብዙነህን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ምናለንና ብርሀንነሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አልታዬ «አክስቴን ሳምልኝ» ብላለች፤ እርሷ የምታውቀው ነገር የለም።

ወንድምሽ ካሳ

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1967 ዓ.ም.