የፏፏቴው ወረፋ

ሃርሜ ኮ፣ እማዬ፣ አከም ጂርታ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? የሱሉልታ ብርድ እንደማይምርሽ አውቃለሁ፤ የላክሁልሽን ሹራብ ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽ እንደምትንቀጠቀጪም አውቃለሁ። አውጥተሽ ልበሺው እንጂ፤ ለማን ልታወርሺው ነው? እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው።

የጻፍኩልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ የወንድሜን የኦዳን ስም ስጠራ ትዘጊብኛለሽ፤ ወረቀት ደግሞ አይዘጋም። የጎረቤትሽ ልጅ ላሊሴ ታነብልሻለች። ላሊሴዬ፣ አንቺም እናቴ ስትቆጣ አይተሽ መስመር ዘለሽ እንዳታልፊ።

ጎረቤትሽ ኦቦ ዋቆ መልእክትሽን አድርሰውልኛል። ወንድምሽን አታዋርጂው፣ ስለ ውሃው ያስገባችሁት አቤቱታ ላይ ያለውን ፊርማሽን አንሺ፣ ስንት ለፍቼ ያስተማርኩት ልጅ ነው ብለሻል። ኦዳም እሁድ ዕለት ልጆቹን ይዞ አንቺ ጋ እንደዋለ ነግረውኛል። መቼስ ያንቺን ቃል መጣል ይከብደኛል። ይህን ግን አልችልም እማዬ። ለምን እንደማልችል ስሚኝና ከዚያ ደስ እንዳለሽ ተቆጪኝ።

የጤና ጣቢያችን ቧንቧ አንቺ ሳትወለጂ የተቀበረ ነው ቢሉኝ አምናለሁ። ዝጎ አልቋል። ውሃ በፈረቃ ሲለቀቅ ግማሹ መንገድ ላይ ፈሶ ይቀራል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ቀይ ድፍርስ ነው። የገፈርሳ ግድብ እኮ ከኛ በእግር የሚኬድ ነው! እዚያ ውሃው ተኝቶ፣ እኔ እዚህ አዋላጅ ሆኜ፣ ምጥ የያዛትን ሴት ጀሪካን ይዘሻል ወይ ብዬ ነው የምቀበላት።

ሄመን የምትባል ልጅ፣ ፉሪ ተወልዳ እዚህ ያገባች፣ ለመጀመሪያ ልጇ መጣች። ባሏ ጀሪካን ይዞ ነበር፤ ምጡ ረዘመ፣ ውሃው አለቀ፣ ቧንቧው ያን ቀን ጭራሽ ደረቀ። ባሏ ሮጦ ከሱቅ ባመጣው የታሸገ ውሃ እጃችንን ታጠብን። አልጋውንና አንሶላውን የምናጥብበት ግን አልነበረንም። ልጁ በሰላም ተወለደ። እሷን ቤቷ ከገባች በኋላ ትኩሳት ጣላት፣ አዲስ አበባ ወሰዷት፣ ነፍሷ ተረፈ፣ ማህፀኗ ወጣ። እሷ ስታለቅስ አላየሁም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሳለቅስ ሳለቅስ ደግሞ ሰለቸኝና ተነስቼ ኦዳ ቢሮ ሄድኩ።

ወንድሜ ነው፣ አክብሮ ተቀበለኝ። ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። የከተማው የበጀት ኃላፊ ሆኖ ለኛ የቧንቧ መስመር ለዘንድሮም በጀት እንዳልተያዘ እሱው ነገረኝ። አደባባዩ ላይ የሚሠራው ባለ መብራት ፏፏቴስ ብዬ ስጠይቀው፣ የዚያ በጀት ሌላ ነው፣ የቧንቧው ሌላ፣ ትእዛዙም ከላይ ነው አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቧንቧ መሬት ውስጥ ስለሆነ ማንም አያየውም፣ ሪባንም አይቆረጥለትም አለኝ። ይህን ሲል አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሻዩን ሳልቀምስ ወጣሁ።

ከዚያ የሰፈሩ ሰው ፈርመን ያስገባነውን አቤቱታ ተቀበሉ፣ አስቀመጡ፣ ዝም አሉ። የፏፏቴው ምረቃ ሲቃረብ የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰብን። ሰልፍ እንውጣ ያሉ ነበሩ፤ ያንን የፈሩም ነበሩ፣ አልፈርድባቸውም። ወይዘሮ ተረፈች፣ እኚያ ጥርስ የሌላቸው ቀልደኛ ባልቴት፣ ሁላችንንም ሰምተው ሲያበቁ፣

«ሰልፍ ፈቃድ ይፈልጋል። ወረፋ ግን ማን አስፈቅዶ ያውቃል?» አሉ።

የጀሪካን ወረፋ ታውቂው የለ። ሰው ሥራ ይሄዳል፣ ጀሪካኑ በሱ ፈንታ ይቆማል። ወረፋው ሲንቀሳቀስ ጎረቤት ያስጠጋለታል። የሌላ ሰው ጀሪካን ከቦታው የሚያነሳ ሰው ደግሞ ሰፈር ውስጥ ሰላምታ አያገኝም። ሁሉም ምልክት አለው፤ አንዱ በክር፣ አንዱ በቀለም። አንቺ ምንጭ ስትወርጂ በአረንጓዴ ቀሚስሽ ቁራጭ እጀታውን እንደምታስሪው ነው።

በምረቃው ዋዜማ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ጀሪካኖቻችንን ከጤና ጣቢያው በር ጀምረን እስከ አደባባዩ ደረደርናቸው። ጠዋት ትልልቆቹ ሰዎች ሲመጡ ቢጫው መስመር ፏፏቴውን ዞሮ ጠበቃቸው። የነኦዳ አለቅየው ደሙ ፈላ፣ አንሱልኝ አለ። የጥበቃው ኃላፊ ሰላሃዲን ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ የሰው ወረፋ አልነካም አለ። የሚስቱም ጀሪካን እዚያው ነበር።

ሪባኑ ተቆረጠ፣ ውሃው ወደ ላይ ተወረወረ፣ እውነቱን ልንገርሽ ያምራል። እልልታ አልነበረም። ወይዘሮ ተረፈች የመጀመሪያዋ ስለሆኑ ጀሪካናቸውን አንስተው ገንዳው ውስጥ ነከሩት፣ ሞሉ፣ ክዳኑን አጠበቁና ሄዱ። ሁለተኛዋ ቀጠለች። አንድም ሰው አልተጋፋም፣ አንድም ሰው አልጮኸም። ውሃ የሚቀዳ ሰው ምን ይባላል? ሄመን ልጇን አዝላ ነበር የቀዳችው። እሷ ስትቀዳ መድረኩ ላይ ያለው ሁሉ አቀረቀረ፤ ወሬዋን ሰምተዋል ማለት ነው። እኔም እንባዬ መጣ፣ ዋጥኩት።

ታዲያ ጀሪካኖቹን እያስጠጋሁ ስሄድ አንዱ ጋ ስደርስ ጎንበስ ብዬ አየሁት። እጀታው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል። ቋጠሮው ሁለቴ ዞሮ ጫፉ ወደ ውስጥ ተደብቋል። እንደዚያ የሚቋጥር ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ቀና ስል ኦዳ መድረኩ ላይ ከአለቅየው ጎን ቆሟል፤ የሚያየው እኔን አይደለም፣ ያንን ጀሪካን ነው።

ጀሪካን ከሱሉልታ በእግሩ አይመጣም እማዬ። ማን በመኪናው እንደጫነው እሱን አልጠየቅሁትም፤ ማን እንደሰጠውም አንቺን አልጠይቅሽም። አቤቱታ ላይ ፈርመሽ ቢሆን ኖሮ እንኳ እንዲህ ደስ አይለኝም ነበር።

ተራሽ ሊደርስ ሲል ፏፏቴውን ዘጉት። ቧንቧው ከክረምት በኋላ ይቆፈራል ብለዋል። ይህን ከዚህ በፊትም ሰምተናል፣ ስለዚህ ያልቀዳ ሰው ጀሪካኑን አላነሳም። ፊርማዬም ካለበት አይነሳም። ነገ ደግሞ አቤቱታችንን ይዘን ትእዛዙ ወደመጣበት ዋናው መሥሪያ ቤት እንሄዳለን፤ ኦዳ ሳልለምነው በየትኛው በር እንደምንገባ ልኮልኛል። እንግዲህ ሥራውን ቢያጣ የሁላችንም ሸክም ነው፣ ብቻውን አንተወውም።

በጸሎትሽ አስቢን፤ እኔንም፣ እሱንም፣ የሄመንን ልጅም። ዕድሜሽን ያርዝምልን፣ ጉልበትሽን ያጽናልን። ሹራቡን ልበሺ። ስለ ጀሪካንሽ ደግሞ ሐሳብ አይግባሽ። አደባባዩ ላይ እንደቆመ ነው፤ ወረፋው ሲንቀሳቀስ እኔ አስጠጋልሻለሁ።

ቃልሽን የማትሰማው፣ ግን አንቺን የወጣችው ልጅሽ