ለአንድ ቀን ብቻ፣ ወደ ሩም ደሴት

ሜይ 4፣ ሰኞ

ሙቀቱ አይጣል ነው። መብራት ከቀትር ጀምሮ የለም። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ውስጥ ፍሪጁ እንዳይሞቅ በረዶ ሳመላልስ ዋልኩ። የመጣው ሰው ሁሉ ወባ ነው ይላል።

ማታ እንደወትሮው የእማን ግፊት ለካሁ። ከፍ ብሏል። ጨው በልተሻል እንዴ? አልኳት። መለኪያውን ከክንዷ ሳልፈታው...

"ማካሌ።"

"አቤት እማ።"

"ሩም ውሰጂኝ። ለአንድ ቀን ብቻ። ጠዋት ሄደን ማታ እንመለሳለን።"

ደነገጥኩ። ሩም ደሴት የተወለደችበት ነው። ከተማችን ቡልቢኔ ወደብ ላይ ቆመው ሲያዩት በእጅ የሚነካ ይመስላል። አባባ ከሞተ ወዲህ ግን እግሯ ረግጦት አያውቅም፤ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ከታላቅ እህቷ ከአክስቴ ዮምቦ ጋር ተኳርፈው። በምን? ብጠይቅ የሚመልስልኝ የለም። ወንድሜ ናቢ "ቅናት ነው" ብሎ ይዘጋዋል።

"ዛሬ ምን ተገኘ?"

"አሳ ሻጮቹ ነገሩኝ። ዮምቦ ወድቃለች። እግሯ አልታዘዝ ብሏታል አሉ። ከአረፋ በፊት ልያት።"

እሺ አልኳት። ምን አስቤ ነው?

ሜይ 5፣ ማክሰኞ

ለናቢ ነገርኩት። ቤቱ የሱ ነው። እማም፣ ከባሌ ከተለያየሁ ወዲህ እኔም፣ የምንኖረው እሱ ጋ ነው። ሳይነግሩት የሚሆን ነገር የለም።

"በሜይ? ዝናቡ ሊገባ ሲል? ጤነኛ ነሽ?"

"ከመግባቱ በፊት ነው እኮ የምልህ።"

"ግፊቷን የምትለኪው አንቺ ነሽ። ጀልባ ላይ ልቧ ቀጥ ቢል ለማን ልትጮሂ ነው? ለአሳው?"

ሚስቱን ጄናቡን ሳቅ አመለጣት። እኔንም ሊያስቀኝ ምንም አልቀረው።

"እህቷ ታማለች፣ ናቢ።"

ፊቱ ተለወጠ። "ያቺ ሴትዮ እናቴን ሰው ፊት አዋርዳታለች። አበቃ።"

እሱ አበቃ ካለ አበቃ ነው። እማ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ስትሰማ ነበር። ስገባ መሐረቧን እያጠፈች ትዘረጋለች፣ እያጠፈች ትዘረጋለች...

ሜይ 7፣ ሐሙስ

ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ቡልቢኔ ሄድኩ። አበቃ ቢልም ሄድኩ።

የጀልባው ባለቤት ሞሞ ይባላል። ትልቅ ሆድ፣ የተቀደደ ኮፍያ። እሑድ እሑድ ሽርሽር የሚሄዱትን ያመላልሳል።

"ስንት ናችሁ?"

"እኔና እናቴ። አሮጊት ናት፣ ግፊት አለባት።"

"ከቤት ልትጠፋ ነው?"

"ኧረ ሰውዬ! ሰባ ዓመቷ ነው።"

"ታዲያ የሚጠፉት እነሱ አይደሉ? ወጣቶቹማ ስልክ ላይ ናቸው።"

ሳቅኩ። እሱ ግን ወዲያው ኮስተር አለ። "ስሚኝ እህቴ። ጠዋት ባሕሩ ዘይት ነው። ከሰዓት ነፋሱ ከውጭ ሲመጣ ሌላ ባሕር ይሆናል። ለመመለስ አስር ሰዓት ላይ እነሳለሁ። ሚኒስትር ቢቀር አልጠብቅም።"

የመንሳፈፊያ ጃኬት አለህ ወይ ስለው አንድ ጆንያ ከፈተልኝ። ሁሉም የተበሳሳ፣ የሻገተ። ምን ይሻላል? መድኃኒት ቤት የሚመጣ አንድ የወደብ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ እሱ ሁለት ያውሰኛል።

ሜይ 9፣ ቅዳሜ

ናቢን ዋሸሁት። ነገ ዲክሲን ሰፈር ሰርግ አለብን፣ እማ ጓደኞቿን ትይ አልኩ። ዓይኔን እንኳን ሳላርገበግብ! ጃኬቶቹ አልጋዬ ሥር ናቸው።

ሜይ 10፣ እሑድ

ሰማዩ ከንጋት ጀምሮ ተቀደደ። ሞሞ ደወለ፤ "ዛሬ እንኳን እኔ አሳውም አልወጣ" አለኝ። እማ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥቅሏን ጭኗ ላይ አድርጋ በር ላይ ተቀምጣለች። ቀርቷል እማ አልኳት። ሰምታለች። ግን እስከ ቀትሩ ዙህር ሰላት ከዚያ አልተነሳችም።

ሜይ 12፣ ማክሰኞ

ተያዝኩ። ጄናቡ አልጋ ሥር ስትጠርግ ጃኬቶቹን አገኘቻቸው። እራት ላይ መሐል አምጥታ ዘረገፈቻቸው።

"ማካሌ፣ የዲክሲኑ ሰርግ ዋና ያለበት ነው?"

ናቢ ማንኪያውን አስቀመጠ። መጮሁን ብጠብቅም አልጮኸም፤ ካልጮኸ ደግሞ ይብሳል።

"በቤቴ ተቀምጠሽ ትዋሺኛለሽ?"

"ብነግርህ እምቢ አልከኝ።"

"እኔ እኮ እሷን ልጠብቃት ነው!"

"ከምን? ከእህቷ?"

 ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ መልስ አጥቶ አያውቅም። ዛሬ ግን ወደ ግድግዳው አየ። ምን ፈርቶ ነው? ባሕሩን ብቻ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ እማ ከክፍሏ ወጣች። "እሑድ እሄዳለሁ" አለች። በቃ፣ ይችን ብቻ። ተመልሳ ገባች። በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ናቢ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። "ይዘሻት ሄደሽ ያለ እናቴ እንዳትመለሺ።"

ሜይ 15፣ ዓርብ

 እየተኛሁ አይደለም። ግፊቷ ዛሬም ከፍ ያለ ነው። ልቅር? ካልወሰድኳት ይቅር አትለኝም። ብሄድና አንድ ነገር ብትሆን... እሱን ማሰብ አልችልም። ለሐኪሟ ነገርኩት። "ጥላ ሥር አስቀምጫት፣ መድኃኒቷ አይለያት" አለ። ለእማ ይህንኑ ስላት "ኪኒኖቼን በሙሉ ስጪኝ፣ እኔ እይዛለሁ" አለችኝ። የኪኒን ቆርቆሮዋን እንዳለ ሰጠኋት።

ሜይ 18፣ ሰኞ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። 

ጠዋት ባሕሩ ሞሞ እንዳለው ዘይት ነበር። የኮሌጅ ልጆች ሙዚቃ ከፍተው፣ ሁለት ነጋዴ ሴቶች የሽንኩርት ጆንያ ይዘው፣ እኛ። እማ ጥቅሏ ከብዷታል። "ለአንድ ቀን ይሄ ሁሉ?" አልኳት። "ለዮምቦ ጨርቅ ነው።" ጃኬቱን ሳለብሳት "ዶሮ አስመሰልሽኝ" አለች።

ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ አሳለ። አሳለና ጠፋ። ሞሞ ገመዱን ይስባል፣ ይሳደባል። ጀልባዋ ዞራ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። አንዱ ገባ፣ ሁለተኛው ገባ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደረሰ። አንዷ ኮሌጅ ተማሪ እየጮኸች ብድግ አለች፤ ጀልባዋ ተንጋደደች። አለቅን አልኩ። ናቢ ያለው ሊደርስ ነው።

"ተቀመጪ!"

እማ ናት። እናቴ! "ቆመሽ ልትገለብጪን ነው! ቁጭ በይ፣ ወደ መሐል! አንተ ደግሞ ሙዚቃህን ዝጋና ውሃውን ቅዳ!" ከነጋዴዋ ጎድጓዳ ሳህን ነጥቃ ራሷ መቅዳት ጀመረች። ሞሞ አፉን ከፍቶ ያያታል። "ምን ታየኛለህ? ሞተርህን አስነሳ!" ተነሳ። ልቤ ሲረጋ አየኋት፤ ፊቷ ላይ የጨው ውሃ፣ ዓይኗ የሚያበራ። ይህችን ሴትዮ አላውቃትም።

አክስቴ ዮምቦ ማንጎው ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣ ነበር። አንድ እግሯ ተዘርግቶ፣ እንደ እንጨት። አየችንና ዓይኗን እማ ላይ ተከለች።

"ሳሌማቱ ነሽ ወይስ ጥላሽ?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

"ወፍረሻል።"

"አንቺ ደግሞ ከስተሻል።"

ሌላ ሰላምታ የለም። እማ አጠገቧ ተቀመጠች። ሁለቱም ፊት ለፊት ያያሉ። እኔም አየሁ... ግቢውን ለሁለት የሚከፍል ረጅም ነጭ ግንብ። ከወዲያ ሙዚቃ፣ የሰው ሳቅ፣ ውሃ ውስጥ የሚዘል ሰው ድምፅ። የእንግዳ ማረፊያ ነው።

"እዚያ ጋ ምን ነበር፣ አክስቴ?" አልኩ። ዝም ብል ምን ነበረበት?

"አልነገሩሽም? የእናትሽ ድርሻ ነዋ። ሸጠችው። የአባታችንን መቃብር ጭምር። አሁን ላዩ ላይ የውሃ ታንከራቸው ተቀምጧል።"

"አልሸጥኩም" አለች እማ።

"ውሉ ላይ ጣትሽ አለበታ! የገዙት ሰዎች አሳይተውኛል።"

"ጣቴ ነው። ናቢ ነው ያስነካኝ። የመብራት ማስገቢያ ወረቀት ነው አለኝ። ባሌ ከተቀበረ አርባ ቀኑ እንኳ አልወጣም፤ ምን አየሁ እኔ?" ድምፅዋ አይንቀጠቀጥም። "የሆነውን ሳውቅ ግንቡ ተሠርቶ አልቋል። መጥተሽ በሰው ፊት ስትሰድቢኝ አፌን ዘጋሁ። ምን ልበል? ልጄ ሌባ ነው ልበል?"

አክስቴ ዮምቦ እጇን ሰደደችና የእማን አውራ ጣት ያዘች። እንደ ሕፃን ጣት አገላብጣ አየችው። ከዚያ ነው ያለቀሱት። እኔ ወደ ውሃው ዳር ሄድኩ። የምንኖርበት የናቢ ቤት... ሲሚንቶው፣ ጣሪያው፣ ሁሉም በዚህ መሬት ዋጋ የመጣ ነው።

ከሰዓት ነፋሱ ተነሳ። ሞሞ ከባሕሩ ዳር ያፏጫል። እማ ሩዝና የካሳቫ ቅጠል ሠርታ፣ እህቷን አጉርሳ፣ እግሯን በዘይት እያሸች ነበር።

"እማ፣ እንሂድ። ጀልባው ሊነሳ ነው።"

"ሂጂ አንቺ።"

"ምን ማለት ነው?"

"እዚህ ነኝ ማለት ነው።"

ጥቅሏን ፈታችው። ቀሚሶቿ፣ መስገጃዋ፣ የኪኒን ቆርቆሮው። ለዮምቦ የመጣ አንድ ጨርቅ የለም።

"ለአንድ ቀን አልሽኝ እኮ!"

"ሌላ ብልሽ ታመጪኝ ነበር?"

ለናቢ ደወልኩ። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። "ተሸክመሽ አምጫት! ለባለጀልባው ስጪው!" ሰጠሁት። ሞሞ አዳመጠ፣ አዳመጠና "ወንድሜ፣ እኔ ሰው አሻግራለሁ እንጂ እናት አልነጥቅም" ብሎ ዘጋው። ወደኔ ዞረ። "እህቴ፣ ማዕበሉን ታይዋለሽ። አሁን፣ ወይም አትመጪም።"

ባለቅስ ትመጣ ነበር ይሆን? እግሯ ላይ ብወድቅ? ትመጣ ይመስለኛል። አሳዝኛት ትመጣ ነበር፤ ከዚያ የጓዳ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ መሐረብ ስታጥፍ ትኖር ነበር። አልወደቅኩም። ግፊቷን ለካሁ። ለጎረቤት ልጅ መለኪያውን ሰጥቼ አለካኩን አሳየኋት። ሳምኳት። ሮጥኩ።

ማታ ቤት ስደርስ ናቢ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"ብቻሽን?"

"የመብራት ወረቀት ነው ብለህ ነው ጣቷን ያስነካሃት?"

እንደሚመታኝ ጠበቅኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ጄናቡ "ምንድን ነው? ስለ ምን ወረቀት ነው የምታወሩት?" ትላለች። 

ሜይ 22፣ ዓርብ

ዕቃዬን ጠቅልያለሁ። ናቢ ግን "ውጪ" አላለኝም።  ጄናቡም ነገሩን አውቃለች፤ እራት አቅርባለት ፊቷን አዙራ ትሄዳለች። እማ በጎረቤቷ ስልክ ደወለች። ግፊቷ ወርዷል! እኔ አላመንኩም፣ ልጅቷ ሁለቴ አንብባልኛለች። ናቢ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ስልኩን ዘረጋሁለት። ሄደ።

ሜይ 27፣ ረቡዕ

አረፋ። በጉ ታረደ። ሥጋው ተከፋፈለ። ናቢ አንድ ሙሉ ጭን ለብቻ አስቀመጠ። የማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም።

ሜይ 28፣ ሐሙስ

ናቢ ከንጋት ጀምሮ የለም። የበጉ ጭንም የለም። ሰማዩ ጠቁሯል። ሞሞ ጋ ደወልኩ። "አትውጣ ብለው እምቢ አለኝ፤ ከአሳ አጥማጆች ጋር ሄደ" አለኝ። ቀኑን ሙሉ ለሰው የማይሆን መድኃኒት ልሰጥ ስል የሥራ ባልደረቦቼ አስመለሱኝ። የተቆጣሁት ሰው እኮ ነው። ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የምፈራለት?

ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ገባ። ከእግር እስከ ራሱ ርሷል፣ ጫማው የለም። ጄናቡ ፎጣ ሰጥታው ወጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"አክስቴ ቤት አላስገባችኝም" አለ። "ግቢው ውስጥ፣ ግንቡ ሥር ቁጭ በል አለችኝ። ዝናብ እየዘነበ።"

"እማስ?"

"አላናገረችኝም።" እግሩን በፎጣው ጠረገ። "ሩዝ ግን አመጣችልኝ። ጀርባዬን ለግንቡ ሰጥቼ በላሁ። እስክጨርስ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።"

"ልታመጣት አልነበር የሄድከው? ምን አለችህ? ትመጣለች?"

ፎጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ነው የመለሰልኝ።

"አልጠየቅኳትም።"