ጉድጓድዎ ላይ ስለቆመችው መኪናችን

ይድረስ ለተከበሩ የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም፣ ይልቁንም ለግራ እግርዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ግራ እግር በመሥሪያ ቤትዎ ሥራ ከፈታ የቆየ አካል መሆኑን በቅርቡ በዓይኔ ስላየሁ ነገሩ ያሳስበኛል። ይህን ደብዳቤ ለሁሉም እንዲነበብ የምጽፈው፣ ቀደም ብዬ ለእርስዎ ብቻ የጻፍኳቸው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲንሸራሸሩ ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ስላዘንኩላቸው ነው። በእናንተ በኩል ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆኖ ሰንብቷልና፣ እስቲ ጎረቤትም መንገደኛም ይስማን።

እኔ በልብስ ስፌት የምተዳደርና አባቴን የማስታምም ሴት ነኝ። ያለችን መኪና በዕድሜ ከእኔ ብዙም አታንስም። ስትሠራ አውቶማቲክ ነበረች፤ አምና ግን ሞተሯ ነደደ፣ ካምቢዮዋም ብቻዬን ምን እሠራለሁ ያለ ይመስል ተከተለው። መካኒካችን፣ ለጥያቄ ሁሉ መልሱ አንድ ስለሆነ ሰፈሩ «አይቸግርም» ብሎ የሚጠራው ሰው፣ ከተገለበጠች መኪና የወጣ ደህና ሞተር ከነካምቢዮው አገኘልን። ካምቢዮው ማኑዋል ነው። ይገጥማል ወይ ስለው አይቸግርም፤ ወለሉ ሊቆረጥ ነው ወይ ስለው አይቸግርም፤ ሁሉም ተገጥሞ ካለቀ በኋላ እጁ ላይ የተረፉት ብሎኖችስ ስለው እነሱም አይቸግርም። ሞተሩ መቀመጫው ላይ አልገባም ብሎ ወርዶ እንደገና ተጫነ፤ ፍሬኑ አጠገብ በግራ እግር የሚረገጥ የፍሪሲዮን ፔዳል ተጨመረ፤ ወለሉ ተቀዶ የማርሹ ዘንግ ወጣ፤ ለዘንጉም እኔው ራሴ ከአሮጌ የቆዳ ጃኬት ሽፋን ሰፋሁለት። ይኸው ነው ወንጀሌ።

አባቴን እርስዎ ላያስታውሷቸው ይችላሉ፤ የሥራ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን በእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው። መርማሪ ሆኖ የተቀጠረውን ሁሉ መኪና እየነዳ እንዲፈትሽ ያሠለጠኑ፣ ከተለማማጁ አጠገብ ተቀምጠው የተሳሳተ ማርሽ በግራ እጃቸው ሲያቀኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ በወጡ ዕለት የግድግዳ ሰዓት ሸልማችኋቸዋል፤ ምስጋና ይግባችሁ፤ ሰዓቱ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ደጃችንን የረገጠ ባልደረባ ባላይም፣ ሰው ሁሉ ሥራ ስለሚበዛበት ነው ብዬ ይዤዋለሁ። አባቴ አሁን የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። እኔን «እትዬ» ይሉኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ይህ የማን ቤት እንደሆነ በትሕትና ይጠይቁኛል።

ማርሹ በተገጠመ ቀን ጋራዡ ውስጥ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ማንም ሳይነግራቸው ግራ እጃቸውን ዘርግተው ከአንደኛ እስከ አራተኛ፣ ከዚያም የኋላ ማርሽ አስገብተው አወጡ። ቀጥለው ወደ እኔ ዞሩና ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው እንድረግጥ ቆጣ ብለው አዘዙኝ። ልጃቸው መሆኔን ባያውቁም ተማሪያቸው መሆኔን አወቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ስፌቴን አቆምና ጭር ባለው መንገድ አንድ ዙር እንዞራለን፤ እኔ እረግጣለሁ፣ እሳቸው ማርሽ ያስገባሉ። ሕጉ ይህን ይፍቀድ አይፍቀድ አላውቅም፤ በዚያች ዙር ውስጥ ግን አባት አለኝ።

እንግዲህ አቤቱታዎቼን በቁጥር አስቀምጣለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ያልተሰጠው ነገር አይታየውምና።

አንደኛ፤ ሊብሬው ላይ አውቶማቲክ ስለሚል መኪናዋ አውቶማቲክ ናት ተባልኩ። የማርሹን ዘንግ በጣቴ አሳየሁ። መዝጋቢዋ ባለሙያ ዘንጉን አየችው፣ ሊብሬውን አየችው፣ ከሁለቱ ሊብሬውን አመነች። ለውጡን ለማስመዝገብ መጀመሪያ ምርመራ ማለፍ አለብኝ፤ ምርመራ ለማለፍ ደግሞ መጀመሪያ ለውጡ መመዝገብ አለበት። ይህን ጥምጥም ለፈለሰፈው ባለሙያ አድናቆቴን ያድርሱልኝ፤ እኔ ክሩ እንዲህ ሲተበተብብኝ ቆርጬ እጥለዋለሁ እንጂ ሰው እንዲለብሰው አልሰጥም።

ሁለተኛ፤ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ መኪናዋን በአንደኛው የምርመራ መስመር፣ ከሥር ለማየት የተቆፈረው ጉድጓድ ላይ እንዳቆማት ተፈቀደልኝ። አባቴ ባስተማሩኝ መሠረት የእጅ ፍሬኑን ስቤ፣ ማርሹንም አንደኛ ላይ ትቼ ወረድኩ። መርማሪዎ ነጭ ካፖርቱን አስተካክሎ ገባና ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ ዘለለችና ሞተሯ ጠፋ። ደገመ፤ ደገመችለት። ጎንበስ ብሎ ግራ ዳር ያለችውን ፔዳል በጥሞና ሲያጠናት ከቆየ በኋላ የእግር ማሳረፊያ ናት ወይ ሲል ጠየቀኝ። ፍሪሲዮን መሆኗን ብነግረው፣ በእኔ ያላዋቂነት አዝኖ ሌላ መርማሪ አስጠራ። ሌላው መጣ፣ ሌላም ተጨመረ፤ ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ! መኪኖቻችሁን ሁሉ በአውቶማቲክ ከተካችሁ ወዲህ የተቀጠረ ባለሙያ በሙሉ ፍሪሲዮን ረግጦ እንደማያውቅ የተረዳሁት ያኔ ነው። እኔ ላንቀሳቅሳት ብል፣ በምርመራ ላይ ያለችን መኪና ከመርማሪ በቀር ማንም መንዳት እንደማይችል መመሪያው ተጠቅሶ ተነገረኝ። መርማሪ ያልቻለውን ማንም እንዳይችል የሚከለክል መመሪያ ያላት አገር፣ በእውነት ብዙ ርቀት ሄዳለች።

ሦስተኛ፤ ውጤቱ በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ተጽፎ ተሰጠኝ፦ ሞተሩ አቅም የለውም፤ መኪናዋ ትዘላለች፤ ትታገድ። ሊበሏት ያሰቧትን አሞራ ይሏታል ጅግራ።

አራተኛውን አቤቱታ ጽፌው ቀደድኩት፤ እናቴ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ እንዲወጣ አድርጋ አላሳደገችኝም።

አምስተኛ፤ የታገደችው መኪና እስካሁን ጉድጓድዎ ላይ ናት። ሠራተኞችዎ ተሰብስበው በትከሻቸውም በጀርባቸውም ቢገፏት ንቅንቅ አላለችም። ማርሽ ውስጥ ያለች መኪና ዝም ብላ እንደማትገፋ የሚነግራቸው ሰው አጠገባቸው አልጠፋም ነበር፤ እኔ ነበርኩ። ነገር ግን የታገደ መኪና ባለቤት ወደ መስመሩ እንዳይጠጋ የሚል ማስታወቂያ ወዲያው ተለጠፈልኝ፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት ብቸኛው ፈጣን አገልግሎት እሱ ነው። ይኸው አንደኛው መስመር በእኔ መኪና ተዘግቶ፣ ወረፋ የያዘው ሕዝብ በሙሉ በሁለተኛው መስመር እየተጋፋ ይረግመኛል።

እኔን ይርገሙኝ፤ ጫንቃዬ ለምዶታል። የአባቴን ነገር ግን አልለመድኩትም። መኪናዋ ከታገደች ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ወጥተው መኪናዋ ትቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ይቆማሉ። ግራ እጃቸው አየር ላይ ማርሽ ይፈልጋል። ትንሽ ቆይተው ይመለሱና «እትዬ፣ የዛሬዋ ተማሪ ቀረች እንዴ?» ይሉኛል። ትመጣለች እላለሁ። አንጀቴ እርር ድብን ይላል፤ ይህችን ብቻ በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበትን መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ፣ ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝ።

ደብዳቤዬን እዚህ ላይ ልቋጭ ስል ስልክ ተደወለ። የደወለችው የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ ናት፤ ድምፅዋ ማር ነው። በዚህ ስልክ የሚገኙ፣ ፍሪሲዮን የሚያውቁ አንድ የቀድሞ ባለሙያ እንዳሉ ከድሮ ሠራተኞች ተነግሯት ኖሯል፤ እባክዎ አንድ ግትር መኪና መስመር ዘግታብናለችና መጥተው ያንሱልን ለማለት ነው። የማን መኪና እንደሆነች አላወቀችም። እኔም አልነገርኳትም፤ ስልኩን ለአባቴ ሰጠኋቸው። አዳመጡ፤ አዳመጡና እመጣለሁ አሉ። የሥራ ካፖርታቸውን ጠየቁኝ፤ የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ራሳቸው ቆለፉ። አሁን ይህን ስጽፍ በር ላይ ወንበር አውጥተው መንገዱን እያዩ ተቀምጠዋል። ስንት ጊዜ ይግቡ ብላቸው፣ መሥሪያ ቤት ይጠብቀኛል እያሉ እምቢ ብለዋል።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው። መኪና ይላኩልንና እንምጣ፤ በራሳችን እንዳንመጣ ያለችን አንዲት መኪና እናንተ ዘንድ ናት። አባቴ የሚሠሩት ከአጠገብ ተቀምጠው በግራ እጃቸው ብቻ ስለሆነ፣ መሪ ይዛ ፔዳሏን የምትረግጥላቸው ተማሪ የግድ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለሆነም ያችን የተከለከለች ባለንብረት ወደ መስመሩ እንድትጠጋ መፍቀድዎ አይቀርም። ከጉድጓዱ ላይ ካነሣናት በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ ደግማ ትታገድ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ ለአባቴ ምን ብዬ እንደማስረዳ ከአሁኑ ማሰብ ይኖርብኛል።

በቀይ እስክሪብቶዎ ሥር በጽናት የምገኝ፣ ለመመሪያዎ ታዛዥ፣ ለባለሙያዎችዎ ግራ እግር ዘወትር የማዝን፣

የጡረተኛው አሠልጣኝ ልጅና ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሚልኩት መኪና አውቶማቲክ መሆኑን አውቃለሁ። አባቴ ከሾፌርዎ አጠገብ ተቀምጠው ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው እንዲረግጥ ያዙታል። የሚረግጠው ነገር ባይኖረውም እንዳይስቅባቸው፣ እሺ ብቻ ይበላቸው፤ እሺ ብሎ አለማድረጉን እንደሆነ በመሥሪያ ቤትዎ የማያውቅበት ሰው የለም።