ከዶሮ በቀር እንዳይነካ የተከለከለ እጅ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሆዴ ገፍቷል ብለሽ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ቀንም ሌትም ሐሳቤ አንቺ ጋ ነው። የእግርሽ እብጠት ተወሽ? የእማዬስ የእግሯ ቁስል ጠገገላት? አባባስ እንዴት ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን አንቺ ከልጅነቴ ጀምሮ ውሸቴን ከሩቅ ነው የምትለዪው። ደኅና አይደለሁም።

ለመውለጃሽ እንድደርስና ልጁን ከሁሉ በፊት እንዳቅፈው ለምነሽኛል። ለእማዬ ቁስልም ያን የማወራልሽን የዶሮ መድኃኒት ይዘሽ ነይ ብለሻል። ሁለቱንም እምቢ ልልሽ ነው፤ ሳትቀየሚኝ እስከ መጨረሻው አንብቢ።

እዚህ እርባታ ጫጩቶቹ ከገቡበት ቀን አንስቶ የሚጠጡት ውሃ መድኃኒት አለበት። ታመው አይደለም፤ እንዳይታመሙና ቶሎ እንዲወፍሩ ነው። ዱቄቱን በባልዲ የምበጠብጠው እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ ከዚያ ባልዲ አንድ ጣሳ ያጠጡታል፤ «ዶሮዋን ያዳነ አንተን አያቅተውም» እየተባለ ይሳቃል። ሽቦ የቧጠጠውም፣ ጥርሱን ያመመውም ወደ ባልዲው ነው የሚሮጠው። እኔም እንደ ሰዉ ጠጥቻለሁ።

ባለፈው ወር የዶሮዎቹ ሳጥን ሽቦ ቀኝ መዳፌን ቀደደኝ። እንደለመድነው ዱቄቱን ነሰነስኩበት፣ ከባልዲውም ጠጣሁ። ቁስሉ ግን እያደር አበጠ፣ መግል ያዘ። ሐኪም ቤት የሰጡኝ ክኒንም ምንም አልፈየደኝ። ከቁስሉ ወስደው ከመረመሩ በኋላ ሐኪሟ አስቀምጣ አስረዳችኝ። «ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶታል» አለች፤ «ዶሮዎቹ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲጠጡ ደካማው ሞቶ ብርቱው ቀረ፣ እሱ ነው ወደ አንቺ የተሻገረው።» አሁን ሌላ መርፌ እየሞከረችልኝ ነው። «ከባክቴሪያው ነጻ ነሽ እስክልሽ ድረስ ግን ሕፃንም ሆነ ቁስል ያለበት ሰው እንዳትነኪ» ብላ አስጠነቀቀችኝ። እህት ዓለም፣ ቤታችን የሚጠብቀኝ ደግሞ ሕፃንና ቁስል ነው።

አብረውኝ የሚያድሩት ሴቶች አልጋዬን ወደ በሩ ገፉት፣ ፎጣዬንም ለብቻው ሰቀሉት። አልፈርድባቸውም፤ ግን ያመኛል። ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጥቼ ነበር፤ ልብስ አጣቢ የምትፈልግ ሴትዮ እጄን አይታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። አለቃችንን፣ ሲነጋ እየጮኸ ስለሚቀሰቅሰን «አውራ ዶሮው» ነው የምንለው፣ ሄጄ ነገርኩት። «አይዞሽ፣ ዶሮዎቹ እንደሆነ ቀድሞውንም አለባቸው፤ ከእነሱ ጋር ማን ይከለክልሻል?» ብሎ ባልዲውን አቀበለኝ። ጓንትም ገዛልን፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለው ተረት ያስቀኝ ነበር፤ አሁን አያስቀኝም። በሩ ሁሉ ሲዘጋብኝ የሚቀበለኝ ይህ ያሳመመኝ ቤት ብቻ ሆነ።

ትናንት አንዲት አዲስ ሠራተኛ መጣች። ጣሳውን አጠጫት ብለው ለእኔ ሰጡኝ፤ መሬት ላይ ደፋሁት። አውራ ዶሮው እስካሁን አኩርፎኛል፤ ያኩርፍ።

ለእማዬ፦ ዱቄቱን ሌላ ሰው ቢያመጣላችሁ እንኳ ቁስሏ ላይ እንዳታደርጉባት፣ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። የጨከንኩባት እንዳይመስላት አስረጂልኝ። ለአባባ፦ ምርቃቱን አይንፈገኝ። ለባለቤትሽ፦ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር፤ ባዶ እጅ ባገኘሁ በይልኝ። ለሚወለደው ልጅ ምን ብዬ ሰላም እንደምልክ አላወቅሁም፤ ስትወልጂ ስለ እኔ ግንባሩን ሳሚው።

ፊደሌ የተጣመመው በግራ እጄ ስለጻፍኩ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን አቃጥይው፣ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ። ከዚያ ሆድሽን ዳብሺልኝ።

ታናሽ እህትሽ
ከዶሮ እርባታው ግቢ፣ በበሩ በኩል ካለው አልጋ
የካቲት ፯ ቀን