ሐያት ክር የፈራችበት ምክንያት

ሞጣ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ዛሬ ልቤ አረፈ። የአምስት ዓመቷ ልጄ ሐያት፣ ቢቸና ወስደን መንጋጋዋን ካስነቀልናት ወዲህ አፏን አታስነካም ነበር። ሐኪሙ በጥርሶቿ መሐል የሚቀረው ምግብ እንዳበላሸው ነግሮኝ፣ ማታ ማታ በጥርስ ክር እንዳጸዳላት አስጠንቅቆኛል። ክሩን ሳወጣ ግን እየጮኸች ትሸሻለች። ትናንት አባቷ "እጇን ልያዝልሽ" ሲለኝ እሺ ልል ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዛሬ ከእራት በኋላ ክሩን ጣቶቿ ላይ ጠቅልዬ አፌን ከፈትኩላት። "በይ አንቺ አጽጂልኝ" አልኳት። እንደ መጋዝ ስትጎትተው ድዴ ደማ። ደንግጣ ለቀቀችው።

"እማ፣ ጥርስሽ ሊነቀል ነው?"

"ኧረ አይነቀልም! ለምን ይነቀላል?"

"የፋጡማን ጥርስ እናቷ በክር አይደል የነቀለችው?"

ለካ የጎረቤታችንን ልጅ አይታ ነው! እኔ ግትር ናት ስል፣ እሷ ሌላ ጥርሷን ልነቅልባት የመጣሁ መስሏት ኖሯል።

"ይሄኛው ክር ጥርስሽ እንዳይነቀል ነው የሚያጸዳው" አልኳት። ትንሽ አሰበችና አፏን ከፈተች። ከፊት ጥርሶቿ መሐል የሥጋ ቅንጣቢ ወጣ። እየሮጠች ለአባቷ አሳየችው።

"አባ፣ እየው! ጥርሴ ግን አለ!"

የኋለኞቹን ገና አላስነካችኝም። "እነሱን ነገ" አለችኝ፤ እኔም አልጨቀጨቅኳትም።